የሦስተኛው ሰውዬ ድልድይ

ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ ፖቶማክን የሚያሻግረው ትልቁ ድልድይ የአንድ ፕሬዚዳንት ስም አለው። እዚህ የሚኖር አበሻ ስሙን የሚያውቀው ከሬዲዮ የትራፊክ ዜና ነው፤ አደጋ ደርሷል፣ መስመር ተዘግቷል፣ ሌላ መንገድ ፈልጉ ሲባል። ሰውየው ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ከሚገባኝ በላይ አውቀዋለሁ። ሁለት የልብ ወዳጆች ሲጣሉ በጠባቸው መሀል ሹልክ ብሎ ሥልጣን ላይ የወጣ ሰው ነው። ዛሬም በዚያ ድልድይ ላይ መንዳት አልወድም፤ ወደ አሌክሳንድሪያ መሄድ ካለብኝ በከተማው ውስጥ ዞሬ፣ በየቀይ መብራቱ እየቆምኩ እሄዳለሁ።

ታሪኩን የነገሩን የአባቴ ወዳጅ ናቸው። ሰው ሁሉ "ዶክተር" ይላቸዋል፣ እኔ ደግሞ "ጋሼ"። ከአብዮቱ በኋላ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ እዚህ ታሪክ ተምረው ዶክትሬት ይዘዋል። የተመራመሩትም በአሜሪካ የፓርቲ ፖለቲካ ላይ ነው፣ ያውም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበረው። "ምነው ጋሼ፣ የኛ ጉድ አልበቃ ብሎ ነው?" ስላቸው፣ "የራስን ፖለቲካ ማጥናት ያሳስራል፣ የሰው ሲሆን ያዝናናል" ይሉኝ ነበር። ሙሉ ሥራ ግን አላገኙበትም። አልፎ አልፎ ኮሌጅ ማታ ማታ ያስተምራሉ፣ በቀረው ጊዜ ታክሲ ይነዳሉ።

አባቴ አገር ቤት የአውራጃ ዳኛ ነበር። እዚህ መሀል ዋሽንግተን፣ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ትኬት ሲቀበል ኖሮ ጡረታ ወጣ። ዳኝነቱ ግን አልለቀቀውም። ሪሞት ኮንትሮሉ ማን እጅ ይሁን የሚለውን እንኳ ግራ ቀኙን ሰምቶ ነበር የሚወስነው። እናቴ ቀድማን ስላረፈች ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን የምንኖረው እሱና እኔ ብቻ ነበርን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ዶክተሩ ሦስተኛ ሆነው ምሳ ይበሉ ነበር።

እኔ እዚህ በመጣሁበት ዓመት የፕሬዚዳንት ምርጫው አልለይ ብሎ አገሩ ሁሉ ግራ ገብቶት ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎች የድምፅ መስጫ ወረቀት ወደ መብራት ከፍ አድርገው፣ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ቀዳዳ ሲመረምሩ ይውላሉ። "ይቺ ምን አላት!" አሉ ዶክተሩ አንድ ቅዳሜ፣ "የጥንቶቹን ብታዪ።" እና ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ያንን ታሪክ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። ስሞቹ አልያዝ ስላሉኝ አንደኛውን ባለመነጽሩ፣ ሌላውን ወፍራሙ አልኳቸው፤ አባቴና ዶክተሩም ስያሜዬን ወደውት እንዲሁ ቀረ።

ባለመነጽሩ ፕሬዚዳንት ነበር። ለአፉም ለእጁም ዕረፍት የማያውቅ፣ ሕዝብ የሚወደው ሰው። ሥልጣኑን ሲለቅ የቅርብ ወዳጁን ወፍራሙን በቦታው አስመረጠና እሱ ምሥራቅ አፍሪካ አንበሳ ለማደን ሄደ። ሲመለስ ወዳጁ የሠራው ነገር ሁሉ አልጥመው አለ። ወንበሬን መልስልኝ አለ። ወፍራሙ ደግሞ ከፕሬዚዳንትነቱ ይልቅ ዳኝነት የሚያምረው ገር ሰው ነበር ይላሉ፤ ግን ሲገፉት እልኸኛ ሆነ። ሁለቱም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ በሰጠባቸው ክፍለ ግዛቶች ባለመነጽሩ አብዛኛውን ጠራርጎ ወሰደ። ቁም ነገሩ ግን ጉባኤው ላይ ነው። ከብዙ ቦታ ሁለት ሁለት ቡድን መጣ፤ እውነተኞቹ ተወካዮች እኛ ነን፣ የለም እኛ ነን ተባባሉ። የሚዳኛቸው የፓርቲው ኮሚቴ ነው፣ ኮሚቴው ደግሞ በወፍራሙ ሰዎች እጅ ነው። ሁሉንም ማለት ይቻላል ለወፍራሙ ፈረደለት።

"መድረኩን ዙሪያውን በጌጥ ጨርቅ ሸፍነውታል" ይሉ ነበር ዶክተሩ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከጨርቁ ሥር ምን አለ? እሾሃማ ሽቦ! ለገዛ ጓዶቻቸው!" ከዚያ መዳፎቻቸውን እያፋተጉ የኮሽታ ድምፅ ያሰማሉ። የተበደሉት ተወካዮች ብርጭቆ ወረቀት እያፋተጉ የመንገድ መዳመጫ መኪና ድምፅ ያወጡ ነበር፣ ደፈጠጣችሁን ለማለት። አባቴ በዚህ ጊዜ ሹካውን ያስቀምጣል።

"ኮሚቴው ሥልጣን አለው የለውም?" ይላል።

"አለው፤ ግን ሕዝቡ የመረጠው..."

"አለው ወይስ የለውም? ሕጉ ካልጣመህ አስቀድመህ ቀይረው። ስትሸነፍ አይደለም ሕግ የሚቀየር።"

"አንተ ሰው፣ ወፍራሙ ራሱ ነህ እኮ!" ይላሉ ዶክተሩ እየሳቁ፣ "ዳኝነት ብቻ የሚያምርህ!"

ባለመነጽሩ ተከታዮቹን ይዞ ወጣ፣ አዲስ ፓርቲም አቋቋመ። የሁለቱ ድምፅ ለሁለት ተከፈለና ሁለቱም ወደቁ። ከሌላው ፓርቲ የመጣው ሦስተኛው ሰውዬ ዋይት ሀውስ ገባ። ድልድዩ በስሙ የተጠራው ሰውዬ ማለት ነው። ወፍራሙ በዘመቻው ወቅት ባቡር ውስጥ "እሱ እኮ የቅርብ ወዳጄ ነበር" ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ አሉ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንድ ሆቴል ሲደርስ ያ ሰው ምግብ ቤቱ ውስጥ ብቻውን እየበላ ነው አሉት። ቀጥ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ባለመነጽሩ ቀና ብሎ ሲያየው ከወንበሩ ተነሣ፣ ተጨባበጡ፣ ትከሻ ለትከሻ ተመታቱ፣ ተመጋቢው ሁሉ አጨበጨበላቸው። ብዙም ሳይቆይ ባለመነጽሩ ሞተ። ወፍራሙ መቃብሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ቆሞ ሲያለቅስ ታየ። ዶክተሩ እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ ዓይናቸው እንባ ያቀርር ነበር። እኔም አብሬ አለቅስ ነበር፣ ሞኝ ነኝ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው የቦርድ ሊቀ መንበር ዶክተሩ ነበሩ፤ ሲደክማቸው "አንተ ዳኛ ነህ፣ ሥርዓት ታውቃለህ፣ ተካኝ" ብለው አባቴን አስመረጡት። ለአባቴ ትልቅ ክብር ነበር የሆነለት። ያ የመስታወት ሳጥን ውስጥ የኖረ ሰው እሑድ እሑድ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሲቆም ቁመቱ የጨመረ ይመስለኝ ነበር። ዶክተሩ በዚያው ሰሞን አገር ቤት ሄደው ቆይተው ሲመለሱ፣ የልጆች አማርኛ ትምህርት ቤት ይሠራበታል ብለው ያሰቡትን ከኋላ ያለውን ቦታ አባቴ አስፋልት አስነጥፎ መኪና ማቆሚያ አድርጎት ጠበቃቸው።

"ፓርኪንግ?" አሉ ዶክተሩ፣ "ዕድሜ ልክህን ፓርኪንግ ውስጥ ኖረህ አልሰለቸህም?"

ይቺ ቃል ባትወጣ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር። አባቴ ጎረቤቶቹ የቆመ መኪና በጎታች እያስነሡ አስቸገሩ፣ ምእመናኑ ከቅዳሴ ሲወጡ መኪናቸውን ያጣሉ፣ ቦርዱም ተወያይቶ ወስኗል ብሎ በዝርዝር አስረዳ። ዶክተሩ ግን በሚቀጥለው ምርጫ ለሊቀ መንበርነት እወዳደራለሁ አሉ።

ከውድብሪጅ የሚመጡት ምእመናን አብዛኞቹ የዶክተሩ ደጋፊዎች ነበሩ። መንገዱ ስለሚርቃቸው ክረምቱን እዚያው ሰፈራቸው አዳራሽ ተከራይተው ሲጸልዩ ከርመዋል። መተዳደሪያ ደንቡ ደግሞ አባል ማለት ሳያቋርጥ እዚህ የሚያገለግልና የሚገለገል ነው ይላል። አባል ነው አይደለም የሚለውን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሦስቱንም የሾማቸው አባቴ ነው። ኮሚቴው የውድብሪጅን ሰዎች በሙሉ አባል አይደሉም አለ።

ውሳኔው በጠቅላላ ጉባኤው ሲነበብ ዶክተሩ ከወንበራቸው ተነሡ። ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ መዳፎቻቸውን ማፋተግ ጀመሩ። ቆመው ኮሽ ኮሽ ኮሽ። ሰው ብርድ መታቸው እንዴ ብሎ ነው ያያቸው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የገባን አባቴና እኔ ብቻ ነን። መድረኩ ላይ የተቀመጠው አባቴ ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። "ሥርዓት ይከበር!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ በኋላ ጩኸት ሆነ፣ አንዱ የአንዱን ኮት ያዘ፣ አንድ ሰው 911 ደወለ፣ ፖሊስም ገባ። ጫማ ሳያወልቅ መቅደሱ አጠገብ ቆሞ "ኃላፊው ማነው?" ሲል አባቴም ዶክተሩም እኩል "እኔ ነኝ" አሉ።

ዶክተሩ ግማሹን ሕዝብ ይዘው ወጡ። ካህኑም አብረው ሄዱ፣ የአባቴ የንስሐ አባት የነበሩት። አዲስ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ተጀመረ። እዚያው የቀረነው ግማሽ ብቻ ስለሆንን የሕንፃውን ወጪ መሸፈን አቃተንና ቦታውን ሸጠን ለቀቅን። የገዛው ሰው ፓርኪንጉን ወደደው።

"አባዬ፣ ሁለታችሁም ወደቃችሁ እኮ" አልኩት አንድ ቀን። ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ። ሁለት ያረጁ፣ የተማሩ ሰዎች፣ ታሪኩን ከነሙሉ ዝርዝሩ እያወቁት፣ መጨረሻውን በእንባ ሲነግሩን ኖረው፣ ዓይናቸው እያየ ዘለው ገቡበት!

"እኔ ሕጉን ነው ያከበርኩት" አለኝ።

ቅዳሜ ምሳ ግን ሦስተኛውን ወንበር ከጠረጴዛው አያነሣም ነበር። ዕቃ ላስቀምጥበት ስል "ተይው" ይለኛል። ስልክ ሲጮህ "ማነው?" ይላል፣ የባንክ ማስታወቂያ ቢሆንም።

ከዚያ ታመመ። ጉበቱ ነበር። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን አቁመን ሕመሙን ብቻ እናስታግስ አሉን፤ ሆስፒስ የሚባለው ማለት ነው። አባቴ ሲተረጎምለት ራሱን ነቀነቀና "ፍርዱ ገብቶኛል" አለ። ስለ ሞቱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥጋ ወደሙ ሳልቀበል መሞት አልፈልግም አለ። ካህን እጠራለሁ አልኩ።

"አይሆንም" አለኝ፣ "ቂም ይዤ አልቆርብም።"

"ታዲያ ታረቅ!"

"እሱ ይምጣ። ጉባኤ መሀል አዋርዶኝ ነው የወጣው።"

በአገራችን ወግ እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚያልቅ። ሽማግሌ ፍለጋ ወጣሁ። እግሬ እስኪነቃ ዞርኩ ብል አልዋሸሁም፤ መኪናዬም እንኳ የደከማት ይመስለኛል። ግን በዚህ አካባቢ ያለ ዕድሜ የጠገበ ሰው ሁሉ ወይ ከአባቴ ወገን ነው ወይ ከዶክተሩ። ከዚህኛው ወገን ብወስድ ያኛው አይቀበልም፣ ከዚያኛው ብወስድ ይህኛው ፊቱን ያዞራል። በመጨረሻ ሮክቪል ውስጥ ከየትኛውም ያልሆኑ አንድ አዛውንት አሉ ተባልኩ። ሄድኩ። በትዕግሥት ሰሙኝና "ማን ነው የላከሽ?" አሉ።

"ማንም አልላከኝም አባባ፣ ራሴ ነኝ።"

"ታዲያ በማን ስም ልሂድ ልጄ? ሽማግሌ ላኪ አለው። አባትሽ ይላኩኝ፣ አሁኑኑ እነሣለሁ።"

አባቴ ዘንድ ተመለስኩ። "እኔ ሽማግሌ ልላክ?" አለ ከአልጋው ላይ ቀና ሊል እየሞከረ፣ "የሚልከው የበደለ ነው። ምን በደልኩ?" ወደ ዶክተሩ ደወልኩ። "ልጄ፣ ታሞብኛል፣ ልቤ ተሰብሯል" አሉ። "ግን እኔ ሽማግሌ ብልክ ጉባኤው ልክ ነበር ማለቴ ነው። የውድብሪጅ ሰዎች ምን ይሉኛል?" ስልኩን ዘጋሁና ትራሴን ነከስኩት።

ያኔ ነው ሆቴሉ ትዝ ያለኝ። ሽማግሌ የሌለበት፣ ላኪ የሌለበት፣ አንዱ ተቀምጦ ሌላው የሚገባበት እርቅ። ፎልስ ቸርች ውስጥ፣ በልብስ ማጠቢያና በጥፍር ማሠሪያ ቤት መሀል የተሸጎጠች አንዲት የኛ ምግብ ቤት ነበረች። ለዶክተሩ "ለብቻዎ ላማክርዎ የምፈልገው አለ፣ ምሳ ሰዓት ይጠብቁኝ" አልኳቸው። አባቴን ደግሞ ገና ዱላ ይዞ መራመድ ይችል ስለነበር "ትንሽ አየር እንቀበል፣ ምሳም ውጭ እንብላ" ብዬ ይዤው ሄድኩ። በሩን ስከፍት ዶክተሩ ግድግዳው ጥግ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው፣ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ልክ እንደ ታሪኩ! የሚያጨበጭብ ሰው እንኳ ፈልጌ ዙሪያውን አየሁ።

አባቴ በሩ ላይ ቆመ። ተያዩ።

ዶክተሩ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። አልተነሡም። አባቴ በዱላው ተደግፎ ቆመ። አልተራመደም። አስተናጋጇ "ግቡ፣ ግቡ፣ ወንበር አለ" ትላለች። ዶክተሩ ከፊታቸው ያለውን ባዶ ወንበር አዩት፣ መልሰው አባቴን አዩት። ሁለቱም ይጠባበቁ ነበር፤ ምን እንደሚጠብቁ ደግሞ እኔ አውቄዋለሁ፣ ሁለቱም ያውቁታል። አባቴ እግሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዞረና ወጣ።

መኪና ውስጥ ሳስገባው ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። "አየሽው? በሽተኛ ሰው በር ላይ ቆሞ እያየ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም! ሰው ሲገባ አይነሣም? ይህም ቀረ?"

ተመልሼ ሮጬ ገባሁ። ዶክተሩ እንባቸው ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ገብቷል። "ገቢ ነው ሰላም የሚለው፣ ልጄ" አሉኝ፣ "በር ላይ ተገትሮ ማየት ከየት የመጣ ወግ ነው? ታሪኩን ያውቀዋል፤ የገባው ነው ወደ ጠረጴዛው የሄደው። አንድ ቃል፣ እንደምን ዋልክ ቢለኝ ኖሮ እግሩ ላይ እወድቅለት ነበር።"

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ተሳስተው ቢሆን ኖሮ እኮ እጮህባቸው ነበር። በአስፋልቱ መሀል፣ በምግብ ቤቱና በመኪናዬ መካከል ቆሜ አለቀስኩ፤ ጥፍሯን አሠርታ የምትወጣ አንዲት ሴት እጆቿን በአየር ላይ እንደዘረጋች "አር ዩ ኦኬ ሃኒ?" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አባቴ አልጋውን አልለቀቀም። የሚታጠፍ የሆስፒታል አልጋ አምጥተው ሳሎናችን ውስጥ፣ በሩን ፊት ለፊት በሚያይ በኩል ዘረጉት። ነርሷ እየመጣች ታየዋለች። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መረመረችውና ኮሪደሩ ላይ ጠርታ ክንዴን ያዘችኝ። የምትጠሩት ሰው ካለ አሁኑኑ ጥሩት አለችኝ።

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ደወልኩ። የጎረቤቱ ውሻ እስኪጮህ ነው የጮህኩት።

"ጋሼ፣ የመቃብሩን ታሪክ ያውቁታል አይደል? ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቆሞ ያለቀሰውን? እኔ መቃብር ላይ የሚያለቅስ ወዳጅ አልፈልግም! ቢመጡ አባርርዎታለሁ፣ በእግዚአብሔር ስም አባርርዎታለሁ! መምጣት ከሆነ አሁን ይምጡ!"

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። "እሱ ነው የላከሽ?" ይሉኛል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

"ቁልፌን ይዣለሁ" አሉ፣ "እየወጣሁ ነው።"

ወደ አባቴ ገባሁና ጆሮው ሥር "እየመጡ ነው" አልኩት። ማን ብሎ አልጠየቀኝም። ቆይቶ "በየት በኩል?" አለ።

"በድልድዩ።"

"በዚያ ሰውዬ ድልድይ?" ደረቱ ከፍ ዝቅ አለ፤ ሲስቅ መሆኑን ያወቅኩት ከዓይኑ ነው።

ስልኬ ጮኸ። "ቆምኩ" አሉ ዶክተሩ፣ "ድልድዩ ላይ ነኝ። ከፊት አክሲደንት አለ መሰለኝ፣ መኪናው ሁሉ ቆሟል፣ መዞሪያም የለው። የኔ ልጅ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ።"

ስልኩን ወደ አባቴ አስጠጋሁት። ራሱን ነቀነቀ።

"አባዬ፣ ስለ እመቤታችን! ሰላም በላቸው፣ አንድ ቃል ብቻ!"

"በስልክ አይደለም" አለ፣ ቃል በቃል እየፈለገ። "በር ያውቃል። በበሩ ይግባ።"

"ምን አለ?" ይላሉ ዶክተሩ፣ "ምን አለ?" ከኋላቸው ጡሩምባ ይጮሃል። በበሩ ይግቡ አለ አልኳቸው። "እገባለሁ" አሉ፣ "እገባለሁ በይው፣ ቢያሻው በእግሬም እመጣለሁ።" ያንን ድልድይ፣ ያንን አስፋልት፣ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተውን ያንን ሰውዬ ረገምኩት። ወዳጆች ሲጣሉ ያሸነፈው አይበቃው!

አባቴ እጄን ሳብ አደረገኝ። "ቀና አድርጊኝ።"

"ያምሃል አባዬ፣ እንዲህ ይሻልሃል።"

"ሰው ሲገባ ተኝቼ?"

የአልጋውን መቆጣጠሪያ ተጫንኩ። ራስጌው እያቃሰተ ተነሣ። ትራስ ደገፍኩለት፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከልኩለት፣ በጣቱ በሩን አሳየኝ፣ ወለል አድርጌ ከፈትኩት። መነሣት ነበር የፈለገው፤ ከዚያ በላይ ሊነሣ አይችልም። በሩን እያየ ተቀመጠ። "ደረሰ?" አለ አንዴ። "ሊደርሱ ነው" አልኩት፣ የት እንዳሉ ሳላውቅ። ሌላ ጊዜ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣውም። ከዚያ ዓይኑ በሩ ላይ እንዳለ ትንፋሹ ቆመ። ሳይታረቅ፣ ሳይቆርብ፣ አባቴ ሞተ።

አልጋውን አላወረድኩትም። መቆጣጠሪያውን እጄ ውስጥ ጨብጬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ ዶክተሩ መደወል ነበረብኝ፣ ግን ድልድይ ላይ ለቆመ ሰው ያንን እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ? ጮኼ ማልቀስም አልቻልኩም።

አሳንሰሩ ሲከፈት ሰማሁ። ጫማቸው ኮሪደሩ ላይ እየተጎተተ መጣ። ክፍቱ በር ላይ ደርሰው ቆሙ፣ ላብ በላብ ሆነዋል፣ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። አባቴን ቀና ብሎ፣ ጋቢውን ለብሶ፣ ወደ እሳቸው እያየ ተቀምጦ አገኙት። ፊታቸው በራ። እኔን ከወለሉ ላይ ልብ ያሉኝም አይመስለኝም።

ወገባቸውን እስኪያማቸው ጎንበስ አሉና "እንደምን ዋልክ፣ ወንድሜ" አሉት።

አጎንብሰው ጠበቁ። አባቴ በመጨረሻው ዘመን ጆሮው ደከም ብሎ ነበር። ያልሰማቸው መሰላቸውና አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንደገና "እንደምን ዋልክ?" አሉት።